ያለ ሰው የሄደችው ሞተር

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ሜዳው ደርቆ፣ መሬቱ ጎማ መያዝ የጀመረበት ጊዜ። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ነጂ የሌላት ሞተር ቀጥ ብላ ስትሄድ ማየቴ አይደለም። እሱንማ ከዚያ በፊትም አይቼዋለሁ፤ በስልኬም ቀርጬዋለሁ። ያልወጣልኝ፣ ሞተሯ እንዳትወድቅ ስንጸልይ ቆይተን፣ አለመውደቋን ካየን በኋላ የሟቹ አባት የተናገሩት ቃል ነው።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስተይብ እውላለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። አንድ ቦታ መቀመጥም አልችልበትም። እሑድ ሲሆን ከከተማ ካልወጣሁ ያፍነኛል። ከከተማ የሚያወጡኝ ደግሞ አበባውና ጌትነት ነበሩ።

ሁለቱም የትክል ድንጋይ አካባቢ ልጆች ናቸው። በአንዲት ሞተር ከዚያ ጎንደር እየተመላለሱ የሰው ዕቃ ያደርሳሉ። ሞተሯ የአበባው ናት፤ ግን አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ይቀመጣል። ሰው ለያይቶ አይጠራቸውም። አንዱ ብቻውን ቢመጣ እንኳ "እነ አበባው መጡ" ነው የሚባለው። እሑድ እሑድ እኔ ሦስተኛ ሆኜ እጣበቅባቸዋለሁ።

በአንዱ እሑድ አበባው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ወሰደን። በጥምቀት ፈረስ የሚጋለብበት ሰፊ ሜዳ ነው። "ስልክህን አዘጋጅ" አለኝ። ሞተሯን አስነሥቶ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ፍጥነት ስትይዝ መሪውን ለቆ በመቀመጫው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተና በእግሩ መሬት ላይ ቆመ። ሞተሯ ግን አልቆመችም። ማንም ሳይኖርባት ቀጥ ብላ ሄደች። አበባው እየሳቀ ሮጦ ደረሰባትና ያዛት።

"እንዴት ነው የማትወድቀው?" አልኩት።

"ስትሄድ አትወድቅም። የምትወድቀው ስትቆም ነው።"

"ከጌታዋ ትሻላለች" አለ ጌትነት። "እሱ ቆሞም ይወድቃል፤ በተለይ ጠጅ ቤት በር ላይ።"

ቪዲዮውን በእኔ ድምፅ ግጥም አስገብተንበት ለቀቅነው። ብዙ ሰው አየው። ከሥር የተጻፈው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። "ውሸት ነው።" "በኮምፒውተር የተሠራ ነው።" "ነጂውን አጥፍታችሁት ነው እንጂ!" አበባው እያነበበ ይንከተከታል። በመጨረሻ ግን ሳቁ ወደ እልህ ተለወጠ። "በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ውሸት ይበሉኝ" ማለት ጀመረ።

ጌትነት አልፈቀደም። ቅዳሜ ገበያ መሀል ተጨቃጨቁ። ጌትነት ድምፁ ትልቅ ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ ሰፈር ይሰማዋል። "ተው አልኩህ! አንድ ቀን ይች ሞተር ትጨርስሃለች፤ ያኔ እኔን እንዳትጠራኝ!" አለው። ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ ጌትነት ከኋላ መቀመጡን ተወ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ጉሙ ዐይን በሚጋርድበት አንድ ጧት፣ አበባው ብቻውን ወደ ጎንደር ተነሣ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ዳር ሣሩ ላይ ወድቆ አገኙት። ራሱን ተመቶ ነበር። ሲደርሱለት ትንፋሹ አልነበረም።

ለብሶት የወጣው ጋቢ እሱ ላይ አልነበረም። ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ መንገዱ ባዘነበለ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሞተሯም እዚያ አልነበረችም። ጉሙ ሲገለጥ፣ ቀጥ ያለው ቁልቁለት አልቆ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ የአንድ ሰው እርሻ ካብ ላይ ተደግፋ ተገኘች። ሞተሩ ጠፍቷል፤ መብራቷ አልተሰበረም፤ ጎኗ አልተፋቀም። እጅ አስደግፎ ያቆማት ነበር የምትመስለው።

ፖሊስ አደጋ ነው አለ። የአበባው አባት አያ ደሴ ግን ሞተሯን ካቡ ላይ እንደቆመች አይተዋታል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያረሱ፣ በቅሎና ፈረስ የገሩ ሰው ናቸው። ሞተር ላይ አንድ ቀን ተቀምጠው አያውቁም።

"ይችን ማን አቆማት?" አሉ።

የሰሙት ሁሉ ያሰቡት አንድ ነው። በሁለት ጎማ የምትቆም ነገር ሰው ካልያዛት ባለችበት ትወድቃለች፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ ልጃቸውን ጥሎ፣ ጋቢውን ገፎ፣ ሞተሯን እዚያ ድረስ ነድቶ ያስደገፈ ሰው አለ። በዚያ አገር ያችን ሞተር መንዳት የሚችል ከአበባው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። ገበያ መሀል ቆሞ "ትጨርስሃለች" ያለውም እሱ ነው።

አያ ደሴ ልጃቸውን ሳያለቅሱ ቀበሩ። ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሁሉ ዐይናቸው ደረቅ እንደነበር ይናገራሉ። "ማን እንዳደረገው ሳላውቅ እንባዬን አላወጣም" አሉ፤ ሴቶቹም እሳቸውን አይተው ድምፃቸውን ዋጡ። ሙሾ ሳይወርድለት፣ ደረት ሳይመታለት ተቀበረ። የአበባው ታላቅ ወንድም ሞላ ጠመንጃውን ይዞ መንገድ ዳር መዋል ጀመረ። ጌትነት ሸሽቶ ጎንደር አክስቱ ቤት ገባ። ሄጄ ሳየው መስኮት ተዘግቶ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

"ለቀብሩ እንኳ አልደረስኩ" አለኝ። ስለ ሞላ ጠመንጃ አንድ ቃል አላነሣም።

ቪዲዮውን ይዤ ትክል ድንጋይ ሄድኩ። ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ በተጀመረው ሽምግልና የበላይ ሆነው የተቀመጡት አባ ይትባረክ የሚባሉ የደብሩ ቄስ ነበሩ። እሳቸው አያ ደሴን አስጠሩልኝ። አያ ደሴ ስልኬን ተቀብለው፣ ከፊታቸው አርቀው ይዘው፣ እስከ መጨረሻው አዩት። ልጃቸው እየሳቀ ሲሮጥ ሲያዩ ስልኩን ወደ ፊታቸው አቀረቡት።

"ስልክ ውስጥ የሞተ ይነሣ የለም እንዴ?" አሉ መልሰው ሲሰጡኝ። "በስልክ የማይሆን ምን አለ?"

"በዐይንህ ብታየውስ፣ ደሴ?" አሉ አባ ይትባረክ።

አያ ደሴ እጄ ላይ ያለውን ስልክ ደግመው አዩት።

"በዐይኔ ካየሁ፣ ሸጋ" አሉ።

እንዲህ ሆኖ ነው ያ ቀን የተቆረጠው። ሞተሯ ያለ ሰው ከሄደች የአበባው ወገኖች ጌትነትን ላይነኩ በመስቀል ይምላሉ። ከወደቀች ሽማግሎቹ ከመሀል ይወጣሉ። ከመሀል ሲወጡ ምን እንደሚመጣ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ሁላችንም እናውቀዋለን።

በቀጠሮው ቀን ጧት ጌትነትን ካህናት መሀል አድርገው አመጡት። ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ሁለቱ ወገኖች ዐይን ለዐይን አይተያዩም። ሞተሯ እነ አያ ደሴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ነበር የከረመችው። ጌትነት ሸራውን ገፍፎ ዳሰሳት። ነዳጅ የሚገባበትን ጠረገ፣ ሰንሰለቷን ዘይት ቀባ። አንዲት ብሎን ሲደርስ ግን እጁን አነሣ።

"ይችን አልነካትም" አለኝ ቀስ ብሎ። "አበባው ብርዱ ሞተሩን እያጠፋበት ሲቸገር፣ በእጁ ነዳጅ ሳይሰጣት ከፍ ብላ እንድትዞር ራሱ ነው ያጠበቃት። እሱ እንደተዋት ትሁን።"

ሦስቴ ረገጣትና ተነሣች።

የሞተሩ ድምፅ እንደተሰማ ከጓሮ አንድ ቀይ ውሻ ፈትለክ ብሎ ወጣ። ጌትነትንም እኔንም አላየንም። በአጠገባችን አልፎ ወደ መንገዱ ሮጠና ጭራውን እየቆላ ቆመ። አበባው ከጎንደር ሲመለስ የሚቀበለው እዚያ ነበር። ድምፁ ከኋላው፣ እሱ ግን የሚያየው ወደ መንገዱ ነው። አያ ደሴ በር ላይ ቆመው ነበር። ውሻውን አዩና ወደ ቤት ገቡ። ለመውጣት ቆዩ።

ሜዳው ላይ የአበባው ወገኖች በአንድ በኩል፣ የጌትነት በሌላ በኩል ተቀመጡ። አባ ይትባረክ መስቀላቸውን ይዘው መሀል ቆሙ። ሞላ ጠመንጃውን እንዲያስቀምጥ ተለምኖ እምቢ ስላለ፣ ጥይቱን አውጥቶ ለአንድ ሽማግሌ እንዲሰጥ ተደረገ። አንድ ጥይት አላስቀረም ብዬ ማመን ግን አልቻልኩም።

ጌትነት ነጠላውን ከፊቱ አነሣ። ከስቶ ነበር። ሞተሯ ላይ ወጥቶ ነዳት፤ መሀል ሜዳ ሲደርስ መሪውን ለቆ በግራ በኩል ዘለለ።

ሞተሯ ወደ ቀኝ ተንጋደደችና ወደቀች።

ሞተሩ ሣሩ ውስጥ ጥቂት አጓርቶ ጠፋ። ጌትነት በጉልበቱ እንደወደቀ ቀረ። ለመነሣት እንኳ አልሞከረም።

ሞላ ብድግ አለ። "ታየ! ታየ አይደል? ምነው አሁን ዝም አላችሁ!"

አባ ይትባረክ መስቀሉን ከፍ አድርገው ፊቱ ቆሙ። "ይችን ረግጠህ ታልፋለህ፣ ሞላ? እለፍ።"

ሞላ አላለፈም፤ አልተቀመጠምም።

እኔ በዚያ ሰዓት አያ ደሴን ነበር የማየው። የለበሱት የአበባውን ጋቢ ነው፤ ያን ከግራሩ ላይ የወረደውን። አበባው በብርድ ሲነዳ ሁለቱን የጋቢ ጫፎች አንገቱ ሥር ይቋጥራቸው ነበር። ቋጠሮው አሁንም እንደታሰረ ነው። አያ ደሴ በራሳቸው አጥልቀው ነው የለበሱት።

ሳላስበው ተነሣሁ። "አያ ደሴ፣ ያን ቋጠሮ ማን አሰረው?"

"ልጄ ነዋ። እኔ እጁ የቋጠረውን እፈታለሁ?"

"ከግራሩ ሲያወርዱትም እንዲህ ታስሮ ነበር?"

"እንዲህ ነበር። ምነው?"

ወደ ሽማግሎቹ ዞርኩ። "የገፈፈው ሰው ቢኖር ቋጠሮው እንዲህ ተሟልቶ ይገኛል? ጋቢውን የያዘው ግራሩ ነው። ሞተሯ ወደፊት ስትሄድ ጋቢው አበባውን ወደ ኋላ አስቀረው። ሲወድቅ በራሱ በኩል ወጣ። አበባው ወደ ጎን አልዘለለም፤ ሞተሯን አልገፋትም። ጌትነት ግን አሁን ሲዘል ገፋት። እሱ ነው የጣላት።"

አያ ደሴ የጋቢውን ጠርዝ በጣታቸው ይዘው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከፈትሉ ውስጥ የተሰበረ እሾህ አወጡ። መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት።

"ድገሙት" አሉ።

"አባባ!" አለ ሞላ።

"ድገሙት አልኩ።"

ጌትነት ሁለተኛ ሲነሣ መቀመጫው ጫፍ ላይ፣ ራሱ ከአበባው ኋላ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነበር። እጁን ዘርግቶ ነው መሪውን የያዘው። ፊት ለፊቱ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነበር። ከሜዳው ጫፍ ተነሥቶ መጣ፤ ማርሽ ቀየረ፤ ፍጥነት ያዘ። ፊታችን ሲደርስ ሁለቱን እጆቹን ከፍቶ በጀርባው ተለቀቀ። ጀርባው መሬቱን ሲመታ ሰማሁት።

ሞተሯ አንዴ ተወዛወዘች። ከዚያ ቀና አለች።

ሄደች። መሪዋ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይላል፤ መንገድ የሚመርጥ ሰው ያለባት ትመስላለች። በሽማግሎቹ ፊት አለፈች። በሞላ ፊት አለፈች። ሽማግሎቹ ተቀምጠው ማየት አልቻሉም፤ አንድ በአንድ ተነሡ። ለምን እንደተነሡ ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው የነገሩኝ። በዚያ አገር በድሮ ለቅሶ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ባዶውን በለቀስተኛው ፊት ይዞራል። አዛውንቱ ሁሉ ያን አይተው ያደጉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት የገባት የአበባው አክስት እትየ ጥሩ ነበረች። ከሴቶቹ መሀል ወጣች፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች፦

ፈረስማ ቢሆን ዞሮ ያይህ ነበር፤
ብረት ምን ያውቃል ጥሎህ ሲሄድ ሲበር!

ያን ጊዜ ሴቶቹ ተቀበሏት። ያ ሁሉ ወር ታፍኖ የከረመው ለቅሶ እዚያ ሜዳ ላይ ፈነዳ። እነ ጌትነት በኩል የተቀመጡትም ደረታቸውን መቱ። ሞላ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ ጥሎ በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ።

ሞተሯ ሜዳውን ጨርሳ፣ ከታረሰው መሬት ጫፍ ስትደርስ የፊት ጎማዋ ትልም ውስጥ ገባና ወደቀች። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ወድቃም ታጓራለች፤ የኋላ ጎማዋ አየር ላይ ይዞራል።

አያ ደሴ ወደ እሷ መሄድ ጀመሩ። ሰው ሊከተላቸው ሲል በእጃቸው መለሱት። ሜዳውን በሙሉ ብቻቸውን ተሻገሩ። አጠገቧ ደርሰው ጎንበስ አሉ፤ አንድ ጊዜ መሪዋን፣ አንድ ጊዜ መቀመጫዋን ነኩ። እንዴት ዝም እንደምትል አያውቁም። ቀና ብለው ወደ እኛ ዞሩ።

"ጌትነት!" ብለው ተጣሩ።

ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የጌትነትን ስም ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ና፣ አጥፋልኝ።"

ጌትነት ጀርባውን ይዞ እያነከሰ ሄደ። እኔም ቢወድቅ ልደግፈው ብዬ ከኋላው ተከተልኩ። በርከክ ብሎ ቁልፉን አዞረ። ጎማዋ መዞሯን እያቀዘቀዘች ቆመች። ከሩቅ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል።

አያ ደሴ እሾሁን አሁንም በመዳፋቸው ይዘውት ነበር።

"እንግዲያ ማንም አልነበረም" አሉ።

"ማንም አልነበረም፣ አያ ደሴ" አለ ጌትነት።

"ጠላትም አልነበረም?"

ጌትነት ቁልፉን ከሞተሯ ነቀለ።

"ብቻውን ነው የሞተ፣ ልጄ" አሉ። "በዚያ ጉም፣ በዚያ ብርድ። የሚጣላው ሰው እንኳ አጠገቡ ሳይኖር።"

ጌትነት ተነሥቶ አቀፋቸው። ትከሻው ላይ ግንባራቸውን ጥለው አለቀሱ። እንደ ሽማግሌ አይደለም ያለቀሱት፤ ድምፅ አውጥተው፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ነው። ጌትነትም "እኔ ከኋላው ብሆን ኖሮ" እያለ አለቀሰ፤ አያ ደሴ በለቅሶአቸው መሀል ጀርባውን ይመቱታል፤ ዝም በል እንደማለት።

እኔ ትልሙ ላይ ቆሜ ነበር። ያች ሞተር እንዳትወድቅ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠርቼ ነበር የመጣሁት። አልወደቀችም። ጓደኛዬ ተረፈ። ግን እኒህ አባት እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልጃቸው የመጨረሻ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው አስቀምጠው ኖረዋል፤ የሚጠሉት ሰው ቢሆንም ሰው ነው። እሱን ነው የወሰድንባቸው።

መሐላው በዚያው ቀን ተፈጸመ። ሞላና ጌትነት መስቀል ተሳልመው ተቃቀፉ። ዛሬ ጌትነት በአጨዳ ጊዜ አያ ደሴ ማሳ ላይ አይጠፋም። ሞተር ግን ደግሞ አልነዳም። ሞተሯ ያው ግቢ ውስጥ ናት፤ ቁልፏ አያ ደሴ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል።

ስለዚያ ቀን ግጥም ለመጻፍ ደጋግሜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። እትየ ጥሩ ያለችው ይበቃል።

ቪዲዮውን ግን አላጠፋሁትም፤ አበባው ሲስቅ የሚሰማው እሱ ላይ ብቻ ነው። ግጥም ያነበብኩበትን የእኔን ድምፅ ግን ከላዩ አንሥቻለሁ። እስካሁን የማያውቁት ሰዎች ከሥሩ ይጽፋሉ። ባለፈው ሳምንትም አንዱ "ውሸት ነው፤ ሞተር ያለ ሰው አይቆምም" ብሏል። ድሮ ቢሆን እከራከረው ነበር። አሁን አነበውና ዝም እላለሁ። ውሸት በሆነ ብዬ የምመኘው እኔ ነኝ።